የማይሰጥም ድንጋይ

አባቴ የመቃብር ድንጋይ ይጠርባል፣
ከታቦር ተራራ ሥር፣ በቆርቆሮ ጥላ፤
«እዚህ አረፈ» የሚለውን ቃል
በቀን ሦስቴ ይጽፋል፣ ምሳውን ሳይበላ።

መስኮቱ ላይ አንዲት የድንጋይ ወፍ አለች፣
ደረሰኝ እንዳይበር ተጭና የተቀመጠች፤
ጥቁር አረንጓዴ፣ ጀርባዋ የለሰለሰ፣
ክንፏ ከጎኗ ጋር ተጣብቆ የጨረሰ፤
ዓይን አልወጣላትም፣ አፏም ጭረት ነው፣
አንገቷን ግን ሰብቃ አንድ ነገር የምትሰማ ነው የሚመስለው።

ወፍ ቆጣሪዋ ሴትዮ ናት ትታት የሄደች።
አምና ጥቅምት መጥታ፣ መነጽር አንግታ፣
ከሸምበቆ ሸምበቆ ስትዞር ከርማ፣
ለአባቴ ሰጠችው፣ ከኪሷ አውጥታ።
«ኢኑይት ናቸው» አለች፣ «የሠሯት ሰዎቹ፤
ባሕር ድንጋይ በሚሆንበት አገር ነዋሪዎቹ።
ሳይጠርቡ በፊት ያገላብጡታል፣
ማን አለ ውስጥህ ብለው ይጠይቁታል።»
አባቴ መዶሻውን አላስቀመጠም፦
«የኔስ አይጠየቅ፤
ማን እንዳለ ውስጡ
ደረሰኙ ላይ ነው የሚታወቅ።»

ኋላ ግን ገልብጦ ሆዷን ተመለከተ።
በምስማር የተጫረ ነገር አለ፤ ማዕዘን፣ መንጠቆ፣ ነጥብ።
አውራ ጣቱን አሻሸበት፤ ቆየ። መልሶ አሻሸ።
«ይኼ ፊደል ነው» አለ፣ «የሠሪው ስም ይሆናል።
እይው፣ ያው አንዱ ቅርጽ ሲዞር ድምፁ ይለወጣል፤
የኛ እግር ያወጣል፣
የነሱ ይገለበጣል።»
ሴትዮዋ ደንግጣ «እንዴት አወቅክ?» አለች።
ሠላሳ ዓመት ስም ሲቀርጽ የኖረ ሰው
ፊደል ቢጋደምም አይጠፋው።

በዚያው ሰሞን አንዲት ወፍ፣ ጭራዋ ሥር ነጭ፣
ስም ባልተጻፈበት ሐውልት አናት አረፈች።
እፍኝ ሽንብራ አታክልም።
«ይቺ ከዚያ ናት» አለች ሴትዮዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤
«በጋውን እነሱ ጋ፣
ብርዱን እናንተ ጋ።»
አባቴ አንዴ መስኮቱን፣ አንዴ ሐውልቱን አየ፤
የድንጋይዋን ወፍ አንስቶ በመዳፉ መዘነ።
ምንም አልተናገረ።

መጋቢት ላይ ከሰዓት ንፋስ ተነሣ፤
ጀልባው ተገለበጠ።
መረቡ ተገኘ፣ አንድ ጫማ ተገኘ፣
ላሚሶ አልተገኘም።
እናቱ ዳንጋሜ በአርባኛው ቀን መጣች፦
«ድንጋይ ጻፍልኝ» አለች።
«የት ነው የሚቆመው?»
በእጇ ወደ ሐይቁ አሳየች፣
ከዚያ እጇን ምን እንደምታደርገው አጣች።

ሦስት ቀን አባቴ መሮ አልነካም።
በአራተኛው ብሎኬት ከሚሠሩት ጓሮ
ያን እግር የምንፋቅበትን፣ ቀዳዳ ብቻ የሆነውን ድንጋይ
በጆንያ ተሸክሞ መጣ።
ፊደል እንጂ ፍጥረት ጠርቦ አያውቅምና
ዳክዬም ትሉታላችሁ፣ እርግብም ትሉታላችሁ፤
በአፉ ብቻ ነው አባ ኮዳ መሆኑ።
ከሆዱ ሥር ጻፈ፦ ላ፣ ሚ፣
የሶ እግር ተፈረካከሰ፤
ወረወረው። ሌላ ድንጋይ አነሣ፣ ከአፉ ጀመረ።

አሞራ ገደል፣ ገና ዓሣው ሳይራገፍ፣
አባ ኮዳዎቹ እንደ ዕድር ዳኞች ቆመው፣
እናትየው ጎንበስ ብላ ውሃው ላይ አኖረችው።
ይሰጥማል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።
ስገልጥ፣ ድንጋዩ ይዋኛል፤
ትንሽ ያዘነብላል፣ ይመለሳል፣ ይሄዳል።
ዳንጋሜ አላለቀሰችም።
«እሱ ዋና አይችልም ነበር» አለች።

የት እንደደረሰ አላውቅም። አንዱ አባ ኮዳ ጎርሶ ተፋው፤
ከዚያ ወዲያ ፀሐዩ ዓይን አሳጣኝ።

አሁን ጥቅምት ነው። ነጭ ጭራዋ ገና አልመጣችም።
አባቴ «እዚህ አረፈ» ይጽፋል፣ ቆርቆሮው ይሞቃል።
ያቺ የሩቅ አገር ወፍ መስኮቱ ላይ፣
ከሥሯ ማንም ያልቀደደው ደረሰኝ አለ፦
ድንጋይ፣ አንድ።
ፊደል፣ ሦስት።
ዋጋ፣